ውሻዎ ሳር ሲግጥ ምን ያድርጉ? ለመካኒሳ አቦና ለአካባቢው ውሻ አሳዳጊዎች

ክረምቱ ገብቶ የግቢው ሰርዶ መለምለም ሲጀምር፣ ሥጋና አጥንት የለመደው ውሻ አንገቱን ደፍቶ እንደ በግ ሳር ሲግጥ ይታያል። አንዳንዴ ጥቂት ቆይቶ ሳሩን ከቢጫ አረፋ ጋር ያስመልሰዋል። ጎረቤት «ሆዱን አሞት ራሱን እያከመ ነው» ይላል፤ ሌላው «ርቦት ነው» ይላል። በመካኒሳ አቦ ውሻ የሚያሳድጉ ሰዎች ይህን ጥያቄ በየክረምቱ ስለሚያነሱ፣ ምን እንደሚደረግ በቅደም ተከተል ላስረዳዎት።

አስቀድመው ግን አይደንግጡ። ሳር መብላት በራሱ በሽታ አይደለም። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የዴቪስ ቅርንጫፍ ተመራማሪዎች 1,571 የውሻ ባለቤቶችን ጠይቀው በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ከመቶ 68ቱ ውሻቸው በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ ሳር ወይም ሌላ ተክል እንደሚበላ ተናግረዋል። ከመብላቱ በፊት ታሞ የሚታየው ከመቶ 8 ያህሉ ብቻ ነበር። ከበላ በኋላ አዘውትሮ የሚያስመልሰው ደግሞ ከመቶ 22 ያህሉ። ስለዚህ «ሊያስመልሰው ብሎ ነው የበላው» የሚለው አባባል ለአብዛኛው ውሻ አይሠራም። ወጣት ውሾች ከሸመገሉት ይበልጥ ያዘወትሩታል፤ ተኩላም በዱር ሳር ይበላል። ውሻ ከቀድሞ ዘመዶቹ የወረሰው ልማድ ነው ማለት ይቀላል።

እኔን የሚያሳስበኝ ሳሩ የበቀለበት ቦታ ነው። በእኛ ሰፈር ውሻን የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ ሳሩ ላይ ያረፈው ነገር ነው፦ የወንዝ ቆሻሻ፣ ፀረ-አረም፣ የሌሎች ውሾች ዓይነ ምድር። ዋናው ሥራዎም ውሻዎ ንጹሑን እንጂ የተበከለውን እንዳያገኝ ማድረግ ነው።

የሚያስፈልግዎት ጥቂት ነው፦ ደብተርና እስክሪብቶ፣ ፎቶ የሚያነሳ ስልክ፣ ሁለት ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የውሻ ገመድ፣ የእጅ ጓንት ወይም ፌስታል፣ ሁለት አሮጌ ሳፋ፣ አንድ ኪሎ ገብስ።

ደረጃ 1፦ ከመከልከልዎ በፊት ለሁለት ሳምንት ይመዝግቡ

ደብተሩ ላይ አምስት ነገር ብቻ ይጻፉ፦ በስንት ሰዓት በላ? ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ? የትኛውን ሳር ከየት ቦታ በላ? ዝግ ብሎ እየመረጠ ነው ወይስ እየተስገበገበ? አስመለሰው ወይስ አላስመለሰውም?

ይህ የሚጠቅመው መነሻው ከአንዱ ውሻ ወደ ሌላው ስለሚለያይ ነው። ለስላሳ ጫፉን እየመረጠ ጥቂት ነጭቶ ወደ ጨዋታው የሚመለስ ውሻ ጣዕሙን ወዶት ነው። ማታ ምግቡ ሊደርስ ሲል ብቻ የሚግጥ ውሻ ሳይርበው አይቀርም። ተነስቶ፣ ምራቁን ደጋግሞ እየዋጠና ከንፈሩን እየላሰ ያገኘውን ሁሉ ጎርሶ የሚውጥ ውሻ ግን ሆዱ አልተመቸውም። ሦስቱን በአንድ መድኃኒት ማከም አይቻልም።

ውሻውን የሚያበላው ዘበኛ ወይም የቤት ሠራተኛ ከሆነ፣ መዝገቡን እርሱ ወይም እርሷ ቢይዙት ይሻላል። ቀን ሥራ የሚውል ባለቤት ማየት የሚችለው የማታውን ብቻ ነው።

ደረጃ 2፦ ሐኪም የሚያስቸኩለውን ይለዩ

ከሚከተሉት አንዱን ካዩ መመዝገቡን ትተው ያንኑ ቀን ወደ እንስሳት ሐኪም ይሂዱ፦ በአንድ ቀን ውስጥ ደጋግሞ ማስመለስ፣ ደም ያለበት ትውከት ወይም ተቅማጥ፣ ከአንድ ቀን በላይ ምግብ እምቢ ማለት፣ የድድ መንጣት፣ መንቀጥቀጥ። ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላ ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው ፓርቮ ሊሆን ስለሚችል ሰዓታትም አይጠብቁ።

እንደ ጀርመን ሼፐርድ ያለ ደረቱ ጥልቅ የሆነ ትልቅ ውሻ ሆዱ ተነፍቶ፣ ለማስመለስ እየታገለ ምንም ካልወጣው ጨጓራው ዞሮ ሊሆን ይችላል። ይህ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል።

በቆሎ በሚደርስበት ወራት ሌላም ነገር ይጠርጥሩ። በየመንገዱ የሚጣለውን የበቆሎ ቆረቆንዳ ውሻ ይውጠዋል፤ ቆረቆንዳው ግን በሆዱ አይፈጭም፤ አንጀት ይዘጋል። እንዲህ የተዘጋበት ውሻ ሆዱን ለማስታገስ ሳር ሊግጥ ስለሚችል፣ ባለቤቱ ሳሩን ሲወቅስ ዋናው ነገር ያመልጠዋል። ከፊንጢጣው ሳር ወይም ክር ተንጠልጥሎ ካዩም አይጎትቱ። ሌላኛው ጫፍ አንጀቱ ውስጥ ተይዞ ከሆነ መጎተቱ አንጀቱን ይቆርጠዋል።

አሁን በጣም ልብ የሚሉትን ልንገርዎ። ውሻው ከሳሩ ጋር እንጨት፣ አፈር፣ ድንጋይ ሳይቀር የሚያኝክ ከሆነ፣ ጠባዩም ከተለወጠ፣ ድምፁ ከሻከረ፣ ምራቁ ከተዝረከረከ ወይም መዋጥ ካቃተው፣ የእብድ ውሻ በሽታን ያስቡ። የተለመደው ስሕተት «አጥንት ተሰንቅሮበት ነው» ብሎ እጅን ወደ አፉ መስደድ ነው። በፍጹም አያድርጉት። ልጆችን ያርቁ፣ ውሻውን ሳይነኩ በር ዘግተው ለብቻው ያቆዩ፣ ለእንስሳት ሐኪም ያሳውቁ። የነከሰው ወይም ምራቁ ቁስሉን የነካው ሰው ካለ ቦታውን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ ይታጠብና ወዲያው ጤና ጣቢያ ይሂድ። የበሽታው ምልክት ሰው ላይ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል፤ ከዚያ በፊት የሚወሰደው ክትባት ግን ያድናል። የውሻዎ ዓመታዊ ክትባት ጊዜው አልፎ ከሆነ ይህን ጽሑፍ ከመጨረስዎ በፊት ቀጠሮ ይያዙ።

ደረጃ 3፦ ሳሩ የበቀለበትን ቦታ በእግርዎ ዞረው ይዩ

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ውሻውን ቤት ትተው፣ እሱ በሚሄድበት መንገድ ሁሉ ይሂዱ። ከግቢ ይጀምሩ፣ ከዚያ አጥሩን በውጭ በኩል ይዙሩ፣ በመጨረሻ ወደሚንሸራሸርበት ቦታ ይሂዱ።

ወንዙን በቅድሚያ ይዩ። በመካኒሳ በኩል የሚያልፈው ትንሹ አቃቂ ከላይ ካሉ ሰፈሮች የፍሳሽና የፋብሪካ ቆሻሻ ተሸክሞ ይመጣል። በዳርቻው በሚለማው አትክልት ላይ ከባድ ብረታ ብረቶች መኖራቸውን ልዩ ልዩ ጥናቶች አሳይተዋል። ጎመኑን የነካ ውኃ ሳሩንም ይነካዋል። ክረምት ሲሞላ ደግሞ ውኃው ዳር ዳሩን አጥለቅልቆ ቆሻሻውን ሳሩ ላይ ትቶት ይመለሳል። በእርጥብ ሣርና በኩሬ የአይጥ ሽንት የሚያስተላልፈው ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባል በሽታም አለ፤ ከውሻ ወደ ሰው ይተላለፋል። ስለዚህ በወንዙ ዳር ውሻን ፈትቶ መልቀቅ አልመክርም፤ ሳሩ የቱንም ያህል ቢያምር።

ቀጥሎ የመንገድ ዳር አረንጓዴ ቦታዎች አሉ። አዲስ የተተከለ ሣር ማዳበሪያ ይበተንበታል፤ አንዳንዴም ፀረ-አረም ይረጭበታል። ነጭ የማዳበሪያ ፍሬ መሬት ላይ ካዩ፣ ወይም በአንድ አካባቢ ያለው አረም ሁሉ በአንድ ጊዜ ቢጫ ሆኖ ከጠወለገ ቦታውን ይተዉት። በግቢዎ ውስጥ ደግሞ መርጨቱን ትተው በመኮትኮቻ ያርሙ። ግድ ከሆነ የመድኃኒቱን ዕቃ መለያ ያንብቡ፤ በላዩ የተጻፈው ጊዜ እስኪያልፍ ውሻው ሳይገባ ይቆይ። ዕቃውን ሳይጥሉ ያስቀምጡት፤ ሐኪሙ ስሙን ይጠይቅዎታል።

አጥር ሥርና የአበባ መደብ ላይ እነዚህን ይፈልጉ። የጉሎ ፍሬ ውሻ ካኘከው ሊገድለው ይችላል። አስተናግርም መርዝ ነው፤ ቅዠትና መንቀጥቀጥ ያመጣል። የቅንጭብ ወተት አፍና ዓይን ያቃጥላል፤ የወፍ ቆሎ ጉበት ይጎዳል። ለጌጥ ከሚተከሉት መካከል ኦሊያንደር ልብን ያውካል፤ ሳይካስ፣ በተለይ ፍሬው፣ ጉበትን ያጠፋል። ቡችላ ካለዎት ጉሎውንና አስተናግሩን በጓንት ከሥራቸው ይንቀሉ፤ ሌሎቹን በሽቦ ይከልሉ። ሙጃና ጭጎጎት ደግሞ መርዝ አይደሉም፤ ፍሬያቸው ግን ጸጉር ውስጥ፣ ጣቶቹ መካከልና ጆሮው ውስጥ ይሰካል። ፍሬ ሳይይዙ ይጨዱ።

ስለ በዓል ቄጠማ አንድ ነገር ልጨምር። ለቡና የተጎዘጎዘ ቄጠማ ለውሻ ግብዣ ነው፤ ሻጩ ራሱ ከየትኛው ረግረግ እንደታጨደ ላያውቅ ይችላል። ቤት ውስጥ የሚገባ ውሻ ካለዎት ጉዝጓዙ እስኪነሳ ውጭ ይቆይ፣ የተጠረገውም ቄጠማ ግቢ ጥግ ሳይከመር በከረጢት ይውጣ። የቡና አተላውንም አብረው ያውጡት፤ በውስጡ የሚቀረው ካፌይን ለውሻ መርዝ ነው።

ደረጃ 4፦ የሆድ ትሉን በትክክለኛው መድኃኒት ያጥፉ

ሳር መብላት ሁልጊዜ የትል ምልክት አይደለም። ሳር የሚበላ ውሻ ግን የሌሎች ውሾች ዓይነ ምድር ከነካው ሣር የወስፋትን እንቁላልና የመንጠቆ ትልን እጭ አብሮ ይውጣል። አዋቂ ውሻ በየሦስት ወሩ የትል መድኃኒት ቢወስድ ጥሩ ነው። ቡችላ ከሁለት ሳምንት ዕድሜው ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ፣ ከሁለት ወር በኋላ ስድስት ወር እስኪሞላው በየወሩ ይወስዳል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች አሉ። ለከብትና ለበግ የሚሸጥ መድኃኒት በግምት ከፍሎ መስጠት አደገኛ ነው። ለከብት የተዘጋጀ አይቨርመክቲን ለውሻ እጅግ የበረታ ስለሆነ፣ አንዳንድ ዘሮችን በተለይ ኮሊና ዘመዶቹን አንጎላቸውን ይመርዛል፤ አልቤንዳዞልም መጠኑ ካለፈ የደም መሥሪያ መቅኒን ይጎዳል። ኮሶ ወይም ነጭ ሽንኩርት መስጠትም መፍትሔ አይደለም፤ ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። ውሻውን አስመዝነው፣ ለውሻ የተሠራውን በክብደቱ ልክ ከሐኪም ያግኙ።

ከቄራ ወይም ከሥጋ ቤት ጥሬ ሳንባና ጉበት ገዝተው የሚሰጡ ከሆነ ደግሞ ነገሩ የቤተሰብዎ ጉዳይ ይሆናል። የበግና የከብት ሳንባ ላይ የሚታየው ውኃ የቋጠረ ዕጢ ኤኪኖኮከስ የሚባል የኮሶ ትል እጭ ነው። ውሻው ጥሬውን ሲበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ወደ ጸጉሩ፣ ከጸጉሩ ወደ ልጆች እጅ ይደርሳል። በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥም ያንኑ ዕጢ ያበቅላል። ሆድ ዕቃን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀቅለው ይስጡ፣ ዕጢ ያለበትን ይቅበሩ ወይም ያቃጥሉ። ዓይነ ምድሩን በየቀኑ በጓንት ያንሱ። ልጆች ውሻውን ከነኩ በኋላ እጃቸውን ይታጠቡ።

ደረጃ 5፦ ሳህኑን ይዩ

አብዛኛው የሰፈራችን ውሻ የሚበላው የቤት ትራፊ ነው፦ እንጀራ፣ የወጥ ጭላፊ፣ ዳቦ፣ አጥንት። ይህን ለመውቀስ አይደለም የምጽፈው፤ የውሻ ምግብ በከረጢት መግዛት ለብዙ ቤት አይቻልም። በትራፊም ቢሆን ጤናማ ውሻ ማሳደግ ይቻላል። ነገር ግን መለወጥ ያለባቸው ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው ወጥ ነው። የወጣችን መሠረት ሽንኩርት ነው፤ ሽንኩርት ደግሞ ጥሬም ሆነ የተቁላላ ውሻን ይመርዛል። አንድ ጊዜ ከውሻው ክብደት ግማሽ በመቶ ያህል መብላቱ ሊጎዳው ይችላል፤ 20 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ ይህ 100 ግራም፣ ማለትም አንድ መካከለኛ ራስ ሽንኩርት ነው። በዶሮ ወጥ ውስጥ ያለውን ያስቡት። ጉዳቱ በቀናት ውስጥ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ማንም ከወጡ ጋር አያያይዘውም። ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል፣ ውሻው ይደክማል። ስለዚህ ለውሻው የሚሆነው ሥጋና እህል ሽንኩርትና በርበሬ ከመግባቱ በፊት ተቀንሶ ይቀመጥ። ቤተሰቡ ሁሉ በዚህ ይስማማ፤ አንዱ ሲጠብቅ ሌላው ከማዕድ የሚወረውር ከሆነ ድካሙ ከንቱ ነው።

ሁለተኛው አሰር ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. በኮሪያ በተዘገበ አንድ የሕክምና ታሪክ፣ ለሰባት ዓመት ተክል እየበላ ሲያስመልሰው የኖረ ፑድል፣ አሰር ወደበዛበት ምግብ በተዛወረ በሦስት ቀን ውስጥ ልማዱን ተወ። የአንድ ውሻ ታሪክ ለሁሉም አይሠራም፤ ለመሞከር ግን ቀላል ነው። ያለ ጨውና ያለ ቅመም የተቀቀለ ዱባ ወይም ካሮት ሁለት የሾርባ ማንኪያ ለ20 ኪሎ ውሻ ከምግቡ ጋር ይደባልቁ። በአንድ ጊዜ አያብዙት፣ ያስቀምጠዋል።

ሦስተኛው ሰዓቱ ነው። ውሻ ሲርበው ብዙ፣ ሲጠግብ ትንሽ ሳር እንደሚበላ በአውስትራሊያ የተደረገ ጥናት አሳይቷል። በቀን አንድ ጊዜ፣ ማታ ብቻ የሚበላ ውሻ ካለዎት ያንኑ መጠን ጠዋትና ማታ ብለው ይክፈሉት። ሆዱ ባዶ ውሎ ጠዋት ቢጫ አረፋ የሚያስመልሰው ውሻ በዚህ ብቻ ሊሻለው ይችላል።

ውኃም አይርሱ። 20 ኪሎ ውሻ በቀን አንድ ሊትርና ከዚያ በላይ ይጠጣል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የውሻው ድርሻ በጀሪካን ይለይለት፤ ካለበለዚያ የጠማው ውሻ ጤዛ ያለበትን ሳር ይልሳል፣ ከኩሬም ይጠጣል።

ደረጃ 6፦ የሚሠራው ነገር ይስጡት

ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ታስሮ የሚውል ውሻ ሣር የሚግጠው ሌላ የሚያደርገው ስለሌለው ሊሆን ይችላል። ጠዋት የመኪናው ግርግር ሳይጀምር ግማሽ ሰዓት በገመድ ያንሸራሽሩት። ቀን ደግሞ የምግቡን ጥቂት ክፍል እያሸተተ እንዲፈልገው ይበትኑለት። ሲሚንቶ ላይ ይበትኑ እንጂ ሳር ላይ አይደለም፤ ሳር ላይ ከበተኑ ሳሩንም አብሮ መብላት ይማራል። ሰንሰለቱ የግድ ከሆነ፣ ከግድግዳ ግድግዳ በተወጠረ ሽቦ ላይ እንዲንሸራተት አድርገው ያስሩት።

ደረጃ 7፦ «ተው» የሚለውን ያስተምሩት

ውጭ ሲወጡ ሁሉንም ሳር መጥረግ አይቻልም፤ ስለዚህ ቃልዎን መስማት አለበት። ቤት ውስጥ ይጀምሩ። ትንሽ ቁራሽ ሥጋ ጨብጠው ያቅርቡለት። ይልሳል፣ ይቧጭራል፤ ዝም ይበሉ። አፉን ባራቀ ቅጽበት «ተው» ይበሉና ከሌላኛው እጅዎ ሌላ ቁራሽ ይስጡት። በቀን ሁለት ጊዜ ለአምስት ደቂቃ ያህል ይበቃል። ሲገባው ቁራሹን መሬት ላይ፣ ቀጥሎ በግቢ ሳር አጠገብ፣ በመጨረሻ መንገድ ላይ በገመድ ይዘው ይለማመዱ።

መጮህ፣ በዱላ ማስፈራራት፣ አፉን ፈልቅቆ ማውጣት ሁሉ ነገሩን ያባብሰዋል። የሚነጠቅ የመሰለው ውሻ የያዘውን ቶሎ መዋጥ ነው የሚማረው፤ የዋጠው ደግሞ መርዝ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 8፦ የራሱን ሣር ይዝሩለት

ከሁሉም የምወደው ደረጃ ይህ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ይሠራል። ሳር የሚወድን ውሻ ጨርሶ መከልከል ሁለታችሁንም ያደክማል፤ ንጹሑን መስጠት ይቀላል።

ከእህል ቤት የሚበላ ገብስ ይግዙ። ቀለም የተቀባ ለዘር የተዘጋጀ እህል ግን ፀረ-ተባይ ስላለበት በጭራሽ አይሆንም። ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ይዘፍዝፉት። የሳፋውን ታች በምስማር በስተው አራት ጣት ያህል ንጹሕ አፈር ይሙሉ፤ ውሻ የሚጸዳዳበት ቦታ አፈር አይሁን። ገብሱን ጠጋ ጠጋ አድርገው ይዝሩ፣ በስሱ ያልብሱት፣ በየቀኑ ትንሽ ያጠጡ። በአዲስ አበባ አየር አሥር ቀን ገደማ ሲሆነው ለመጋጥ ይደርሳል። ሥሩ ተነቅሎ አፈር እንዳይውጥ ሳፋውን በድንጋይ ደግፈው ያቅርቡለት። ሁለተኛውን ሳፋ ከሳምንት በኋላ ዘርተው ያፈራርቁ። ክረምት ውኃ ስለሚበዛ ሻጋታ ይይዘዋል፤ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ካዩ ሁሉንም ደፍተው እንደገና ይዝሩ።

ደረጃ 9፦ ካልተሻለው መዝገቡን ይዘው ሐኪም ጋ ይሂዱ

ከደረጃ 3 እስከ 8 ያለውን አድርገው በአንድ ወር ውስጥ መስገብገቡና ማስመለሱ ካልቀነሰ ምርመራ ያስፈልገዋል፤ የጨጓራና የአንጀት መቆጣት፣ የጉበት ወይም የቆሽት ችግር ሊኖር ይችላል። በአቅራቢያዎ ካለ የእንስሳት ክሊኒክ ይጀምሩ። ከዚያ በላይ ካስፈለገ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ቢሾፍቱ ነው፤ ከከተማችን 45 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል።

ሲሄዱ ደብተሩን፣ የትውከቱን ፎቶ፣ የክትባት ካርዱን፣ የዕለቱን ዓይነ ምድር ንጹሕ ክዳን ባለው ዕቃ ይያዙ። ተመርዟል ብለው ከጠረጠሩ የበላውን ተክል ቅርንጫፍ ወይም የመድኃኒቱን ዕቃ ጭምር ይውሰዱ። ቤት ውስጥ በጨው ውኃ አያስመልሱት፤ ጨው ራሱ ይመርዛል። ወተትና ዘይትም መርዝ አያረክሱም፤ የደከመ ውሻ ሳንባው ውስጥ ሊገቡበት ይችላሉ። መንገድ ላይ እንዳያስመልሰው ምግብ ከመስጠት ይቆጠቡ፣ ውኃ ግን አይከልክሉት። እንዳይነክስ አፉን በሰፊ ጨርቅ ሸብ አድርገው ማሰር የሚቻለው ካላስመለሰው ብቻ ነው፤ እያስመለሰው ከሆነ አፉን አይሰሩ፣ ይታነቃል።